ግንዛቤ ተሰጥቷል

በሶሺዮሎጂ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ እቤት ከተቀመጥኩ በኋላ «የማኅበረሰብና የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት» የሚባል ሥልጠና ላይ ስሜ ወጣ። የእናቴ ደስታ ልክ አልነበረውም። ጴንጤ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጌታ በር ይክፈትልሽ» ስትለኝ ኖራለች። የተከፈተልኝ በር የማረሚያ ቤት መሆኑን ስትሰማ ግን፣ በሚቀጥለው ረቡዕ የጸሎት ቡድኗ ፊት ልመናዋን አስተካክላ አቀረበች።

«እንግዲህ ከወንጀለኛ ጋር ልትውዪ ነው?» አለችኝ።

«የሕግ ታራሚ ነው የሚባለው» አልኳት። ሥልጠናው ገና አልተጀመረም፤ እኔ ግን ሰው ማረም ጀምሬያለሁ።

ሥልጠናው ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚሰጠው። ከታች ፋርማሲ፣ ከላይ የውበት ሳሎን፣ መሐል ላይ ማኅበረሰቡን የምናድነው እኛ። አሰልጣኛችን ከፖሊስነት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲይዙ ኖረው፣ አሁን ሰው እንዴት እንደሚለቀቅ ያስተምሩናል። ክፉ አልነበሩም። «ኢምፓቲ» የምትለውን ቃል በጣም ይወዷታል፤ ችግሩ ሲጠሯት ሳያስቡት ትእዛዝ ትሆንባቸዋለች። «ኢምፓቲ ማለት የሌላውን ችግር እንደ ራስ ማየት ነው! ጻፉ!» ይላሉ። እኛም ቀጥ ብለን እንጽፋለን።

ሮል ፕሌይ የሚባል ነገርም ነበር። አንዱ ታራሚ ይሆናል፣ አንዷ ባለሙያ፣ አንዱ ደግሞ የተቆጣ ጎረቤት። ታራሚው አንገቱን ይደፋል፣ ባለሙያዋ በሐዘኔታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጎረቤቱ በሦስተኛው ደቂቃ ይቅር ብሎ ይተቃቀፋሉ። ከዚያ በላይ የሚቆጣ ጎረቤት አንድም ቀን አልገጠመንም፤ ምክንያቱም የሻይ እረፍት ይደርስ ነበር። እኔ በባለሙያነት ጎበዝ ነበርኩ። ራስ መነቅነቁን የሚያክለኝ አልነበረም።

ከአሰልጣኛችን ትምህርት ሁሉ አጥንቴ ውስጥ የገባው ግን አንድ ነው። «ከአንድ ሰው የሰማችሁት ሐሜት ነው። ከሦስት ሰው የሰማችሁት መረጃ ነው።» ሦስት ሰው አንድ ሐሜት ቢያወራስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አሰምሬበት ነው የያዝኩት።

የልምምዱ ጊዜ ሲደርስ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የአመክሮ ፋይልና አንዳንድ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ተሰጠን። አመክሮ ማለት፣ እስረኛው የቅጣቱን አብዛኛውን ጨርሶ ጠባዩ መልካም ሆኖ ሲገኝ፣ ቀሪውን ከሰው ጋር ውጭ እየኖረ እንዲጨርስ የሚፈቀድለት ነው። የእኛ ሥራ ሰፈሩ ይቀበለው እንደሆነ አጣርቶ ቅጽ መሙላት፣ ከዚያም የሦስት ጎረቤትና የእድሩን ሰብሳቢ ፊርማ ማምጣት። ቅጹ ካልተሟላ ፋይሉ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም። ፋይሉ ካልሄደ ሰውየው እዚያው ነው። ሰደርያው ለምን እንዳስፈለገ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። መንገድ ላይ ባለታክሲዎች ትራፊክ መስያቸው ቀበቶ ያስሩ ነበር።

የደረሰኝ የአንዲት ሴት ፋይል ነው። እኩያዬ ናት። ፀጉር ቤት ስትሠራ ከባልደረባዋ ጋር ተጣልታ፣ በንዴት በወረወረችው ጠርሙስ የልጅቱን አንድ ዓይን አጠፋች። አምስት ዓመት ተፈረደባት፣ ሦስት ዓመት ከምናምን ታስራለች። ማረሚያ ቤት ሄጄ አንድ ጊዜ አነጋገርኳት። ስትወጣ የት እንደምትኖር ስጠይቃት «እናቴ ጋ» አለች፤ እናቷ ቀራንዮ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ከዚያ «ሰፈር ውስጥ ግን...» ብላ ጀመረች። እኔ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ደርሼ ነበር፤ አሥራ አራት ጥያቄ አለብኝ። ስንለያይ «እናቴን ቀስ ብለሽ አናግሪያት፣ እሺ?» አለችኝ።

«ሙያችን ነው» አልኳት። አሁን ሳስታውሰው ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰደርያዬን ለብሼ ቀራንዮ ወረድኩ። ሱቁ ዝግ ነው። እናትየዋ የሉም። ሌላ ሰው ቢሆን ተመልሶ ይሄዳል፤ ትጉ ሠራተኛ ግን ጊዜ አያባክንም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለኔ ዓይነቷ ነው። ቀጥታ ወደ ጎረቤት ገባሁ። ደጃፏ ላይ ሰሌን ዘርግታ በርበሬ የምታሰጣ ሴት አገኘሁ።

«ቆጣሪ ልታነቢ ነው?» አለችኝ ሰደርያዬን አይታ።

«አይ፣ ከማኅበረሰብ ፍትሕ ነው የመጣሁት። የባለ ሱቋ ልጅ ከማረሚያ ቤት ስትወጣ ሰፈሩ ይቀበላት እንደሆነ ላጣራ ነው።»

ሴትዮዋ እጇ በርበሬው ላይ ቀረ። «ልጅቱ ቤሩት ናት» አለች ቀና ሳትል።

«አይ፣ ማረሚያ ቤት ናት» አልኳት በትሕትና።

«ቤሩት ናት» አለች ደግማ። አሁን ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነው። ያ አስተያየት «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ» የሚል ነበር፤ የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ ይገባዋል። እኔ ግን የሠለጠንኩ ስለሆንኩ የመረጃ ክፍተት መሰለኝ። ቅጹን አውጥቼ ጥግ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አሳየኋት። «ይኸው፣ እሷ አይደለች? ሦስት ዓመቷ ነው።» ሴትዮዋ ፎቶውን አላየችም። በርበሬዋን ሰብስባ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ ወደ ውስጥ ገባች።

ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊ ነበር። እሱም የስፌት መኪናውን ሳያቆም «ቤሩት ናት» አለኝ። እሱንም አረምኩት። ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል መሰለኝ፣ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳልል «ቤሩት ናት!» ብላ በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው። በበሩ በኩል ጮክ ብዬ አስረዳኋት። ግቢው በሙሉ እንዲሰማ ሆኖ።

ሦስት ምንጭ፣ አንድ ዓይነት ስሕተት። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቅጹ ላይ፣ «አስተያየት» በሚለው ሥር፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦ «ማኅበረሰቡ ስለ ታራሚዋ የተሳሳተ መረጃ ነበረው። ግንዛቤ ተሰጥቷል።»

ሰኞ አሰልጣኛችን ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «መስክ መውጣት ማለት ይኼ ነው!» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ገጹን ገልብጠው «ፊርማውስ?» አሉኝ። አንድም ፊርማ የለም። «እስከሚቀጥለው ሰኞ ካልተሟላ ፋይሏ ይመለሳል፤ ሌላ ዙር መቼ እንደሚኖር እኔም አላውቅም» አሉ።

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ሱቁ ክፍት ነበር። እናትየዋ ኮረሪማና ጥምዝ በተደረደረበት መደርደሪያ መሐል ቁጭ ብለዋል፤ ቤተሰባቸው ከቦንጋ በኩል መጥቶ እዚሁ ሰፈር በቅመም ንግድ የኖረ ነው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ አወቁኝ። ማን ይስታል፣ በዚያ ቢጫ!

«ነይ ግቢ» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን ያንን ነገር አውልቂው።»

አውልቄ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«እሷም ሃያ ስድስት ናት» አሉ። «ቅዳሜ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? እሷው ጋ። ስንቅ ይዤ። ለሰፈሩ ‹መርካቶ ዕቃ ላመጣ ነው› እላለሁ። አንቺ ልጄን ልታስወጪልኝ እዚህ ስትዞሪ፣ እኔ እዚያ አጥር ሥር ቆሜያለሁ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እዚህ በር ላይ ቆሞ ‹ልጅሽ ደህና ናት?› ይለኛል። ደህና ናት እላለሁ። ሞቋታል እላለሁ፣ በርዷታል እላለሁ። ወፍራለች እላለሁ፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው፣ አንድ ሰሞን ወፍራ ነበር። በቀን አራት አምስት ጊዜ ስሟን እጠራታለሁ። ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ሰው ስለ ልጄ አልጠየቀኝም። ጨው ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ።»

እኔ በዚያች ሰዓት ምን ብል ጥሩ ነው? ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ «ስሜትዎን እረዳለሁ» አልኳቸው።

«ተረድተሽ ሞተሻል!» አሉኝ።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብተሬ ያልወጣ ቃል ነው የተናገርኩት፦ «አጠፋሁ፣ እናቴ። ምን ላድርግ?» እሳቸውም አላወቁትም። ወደ እድሩ ሰብሳቢ ሂጂ ብቻ አሉኝ።

ሰብሳቢው ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጠው እሳቸው ግቢ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። የሚያዝኑልኝ መስሎኝ ነበር።

«እናውቅ ነበር እኮ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እስር ቤት መሆኗን ነዋ! ሰፈር አይደለም እንዴ ይሄ? የተፈረደባት ቀን ማታውኑ ነው የሰማነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ሁሉም ለምን ቤሩት ናት አሉኝ?»

«እናቷ ቤሩት ናት ስላለች!» አሉ ተቆጥተው። «እሷ ቤሩት ካለች ቤሩት ናት። ሰው ገበናውን ሲሸፍን ካየሽ ጫፉን ይዘሽ ታግዢዋለሽ እንጂ ትገልጪበታለሽ? ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ምን እንደሚያስተምሩን ልነግራቸው አልደፈርኩም። ቅጹን አውጥቼ ፊት ለፊታቸው አስቀመጥኩ። «እሺ፣ ካወቁ ይፈርሙልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወደኔ ገፉት። «ምን ብዬ ነው የምፈርመው? ‹እስር ቤት እንዳለች አውቃለሁ› ብዬ? ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና ናት ወይ ስላት ኖሬ፣ አሁን ያቺን ሴት ውሸታም ብዬ በወረቀት ልመስክርባት? አላደርገውም። ማንም አያደርገውም፤ አትልፊ።»

«ካልፈረሙ ልጅቱ አትወጣም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የገባኝን ልናገር፦ አንዲት ሴት ዓመት ከምናምን ተጨማሪ ልትታሰር ነው፣ ያውም ሰፈሩ እናቷን በጣም ስለሚያከብር። የሚጠላት ጎረቤት ቢኖር እንኳ ቢያንስ መልስ ይኖረኝ ነበር። ለሚቆጣ ጎረቤት ሠልጥኛለሁ፤ ለደግ ጎረቤት ማንም አላዘጋጀኝም።

«አንድ መንገድ አለ» አሉ በመጨረሻ። «እሁድ የእድር ስብሰባ ነው። እሷ ራሷ ተነሥታ ትናገር። እሷ ከተናገረች እኛ የሰማነው ያኔ ነው። ያኔ እንፈርማለን።»

ይህን መልእክት ይዤ ወደ ሱቁ የተመለስኩት መንገድ አጭር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። እናትየዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «በእድር ፊት?» አሉ። «አብሬው ቀብር የምወጣው ሰው ፊት?» ይምጡ አይምጡ ሳላውቅ ሄድኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ሰብሳቢው ግቢ ተሰበሰበ። እኔ ያለ ሰደርያ፣ በሩ ሥር። እድር ለማንም ብሎ አይቸኩልም፤ ድንኳኑ ስለ መቀደዱ ተወራ፣ ወንበር ተውሰው ስላልመለሱ ሰዎች ተወራ፣ ቀብር ላይ ፊታቸውን አሳይተው ውልቅ ስለሚሉ ሰዎች ስም ሳይጠራ ተወራ፣ ሁሉም ማን እንደሆኑ ያውቃል። እናትየዋ ከሴቶቹ መሐል ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው «ልዩ ልዩ» ሲሉ ተነሡ።

«ልጄ ቤሩት አይደለችም» አሉ።

ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ማጠፍ ጀመሩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ልነሣና ልረዳቸው ብዬ ነበር፤ ደግነቱ ተውኩት።

«ሰው መትታ ታስራለች። የሰው ልጅ ዓይን አጥፍታለች። እኔ ዋሽቻችኋለሁ። የቀራትን እዚህ እናንተ መሐል እንድትጨርስ ከፈቀዳችሁ ይለቋታል። ካልፈቀዳችሁም አልቀየማችሁም።» ተቀመጡ።

ሰብሳቢው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እንዴ! እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?» አሉ። ልብስ ሰፊው «አይ የሰው ነገር!» አለ። በርበሬ የምታሰጣዋ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ደነገጠ። በሕይወቴ እንደዚያ የማያሳምን ድንጋጤ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ክፍል ውስጥ ቢሆን አሰልጣኛችን ያስደግሟቸው ነበር።

እናትየዋ ግን ሞኝ አይደሉም። ዞር ዞር ብለው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሲገባቸው አየሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም እንዳላታለሉ፣ ይልቁንስ ሰፈሩ በሙሉ እሳቸውን ሲያባብል እንደኖረ፣ እዚያው ቁጭ ብለው ገባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ለረጅም ጊዜ አላነሡም። ደስ ይበላቸው ወይ ይክፋቸው ዛሬም አላውቅም።

«ልጅቱን አልቀበልም የሚል እጁን ያውጣ» አሉ ሰብሳቢው። ማንም አላወጣም። ሦስት ፊርማ ለሚፈልገው ቅጽ አሥራ አንድ ፈረሙበት፤ ከኅዳጉ አልፎ ጀርባው ላይ ሁሉ።

ፋይሉ ሄደ፣ ተፈቀደላት። በወጣችበት ቀን እናትየዋ «አንቺ እንዳትመጪ» ስላሉኝ አልሄድኩም። እኔም ተመረቅኩ። ምርጥ የመስክ ሪፖርት ተብዬ ተሸለምኩ፤ የሚቀጥለው ዙር ሠልጣኞች የእኔን ቅጽ እንደ ምሳሌ እያዩ እንደሚማሩ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ጎረቤቶቻቸውን ይጠብቅ።

ከወር በኋላ ለክትትል ጎበኘኋት። ክትትልም ቅጽ አለው። ልጅቱ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቁር አዝሙድ ታበጥራለች። እናትየዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ለአንዲት ደንበኛ ኮረሪማ ይመዝናሉ። ደንበኛዋ «ደህና ዋላችሁ» ብላ ከፍላ ወጣች፤ ልጅቱን ቀና ብላም አላየቻት። በክፋት አይደለም። እንዳትሸማቀቅ ብላ ነው።

«ማኅበረሰቡ ተቀብሎሻል?» ብዬ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ።

«በጣም» አለች። «ማንም ምንም አይጠይቀኝም።»

«ተቀብሏታል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ ላነብ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺም የምትጠይቂኝ ወረቀቱን ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ እንዲሁ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ቅጹን አጠፍኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በጣም ቀላሉን ጠየቅኋት፦ «እዚያ እንዴት ነበር?»

ማበጠሯን አቆመች። ወደኔ ሳይሆን ወደ እናቷ ጀርባ ነው ያየችው። እናትየዋ ሚዛኑን መጥረግ ጀምረው ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ንገሪያት» አሉ ሳይዞሩ። «እኔም ልስማ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቅ ሳመላልስ ‹በላሽ ወይ› ከማለት ሌላ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ስለ ቤሩት ነበር ሳጠና የምከርመው።»

«ከየት ልጀምር?» አለች ልጅቱ።

እናትየዋ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።